ስሙ የሚጠራበት እሑድ

ሰውየውን ያወቅሁት በጣቶቹ ነው። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ውስጥ፣ የደብረ ታቦሩ መኪና ይውጣ አይውጣ ሳይለይለት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ዘመኑ እንዲህ ሆኗል፤ ትኬት ከመቁረጥ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑ ይጠየቃል፣ ረዳቱ ስልኩን ወደ ላይ አንሥቶ ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ተሳፋሪው ደግሞ የረዳቱን ፊት እያየ ዕድሉን ይገምታል። እኔ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ። ብቀርም የሚቆጣኝ የለም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቀጠሮዬን የሚያስታውሰኝ ቀርቶ ስሜን የሚጠራኝ እንኳ ጠፍቷል። የሰፈሩ ልጆች «አባባ»፣ ጎረቤቶቼ «መምህር»፣ ባንክ ቤት ያለችው ልጅ ደግሞ «ቀጣይ» ነው የሚሉኝ። ልጆቼ ሲደውሉ መስመሩ ይቆራረጣል፤ «ሃሎ፣ ሃሎ» ተባብለን እንዘጋዋለን።

ከጎኔ የተቀመጠው ሸበቶ ሰው ከፌስታል ቆሎ እያወጣ «ይዝገኑ አባቴ» አለኝ። እጁን ሳየው ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ዞራለች፣ የቀለበት ጣቱ መገጣጠሚያ ላይ አብጦ ቀርቷል፣ የመካከለኛው ጫፍ አይዘረጋም። እንዲህ ያለ እጅ በሕይወቴ አንድ ጊዜ በወሬ ሰምቻለሁ እንጂ አላየሁም።

«በረኛ ነበርህ?» አልሁት።

ሳቀ። «እንዴት አወቁ?»

«የየት አገር ሰው ነህ?»

«የወገዳ። እትዬ አንጓች ይሏት የነበረች፣ የሷ ልጅ ነኝ።»

ቆሎው ከእጄ ፈሰሰ ብል ማጋነን ነው፤ ግን መዝገን አቃተኝ። ይትባረክ ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ይሆናል፣ ስሙን ስጠብቅ ያሳለፍኋቸው እሑዶች ሁሉ አንድ ላይ መጡብኝ። መልኩን ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር።

ወገዳን ያኔ ያላያት ሰው አሁን ብነግረው አያምነኝም። ለማስተማር ስማዳ፣ ወገዳ ተመድበሃል ስባል ቴትሮን ሱሪዬን አስተኩሼ፣ ሸራ ጫማዬን በትምህርት ቤት ጠመኔ አንጥቼ ነበር የሄድሁት። ሁለቱም ከመንገዱ አልተረፉም። መኪና በበጋ ሲመቸው ይመጣል፣ በክረምት የመምጣት ሐሳብም የለው። ደርዘን እንቁላል ዛሬ አንድ ማስቲካ በማይገዛ ሳንቲም ይገኝ ነበር፤ የሬዲዮ ድንጋይ ግን ውድ ነው፣ ደመወዝ በወጣ ሰሞን ካልሆነ አዲስ አይገዛም። ገበያው ጥግ ያለው ሱቅ ቴፕ ነበረው። ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ የዘፋኟ ድምፅ እየጎተተ፣ እየወፈረ ሄዶ ማታ ላይ ሽማግሌ ይሆናል። ከማዶ ባሕር ዛፉ ሥር አህያ የሚያስሩ ገበያተኞች በዚያ ድምፅ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዛሬ እያንዳንዱ ሰው ጆሮው ላይ ገመድ ሰክቶ የየራሱን ያዳምጣል፤ ሲስቅ ብታየውም በምን እንደሚስቅ አታውቅም። እኔ ይህ አይዋጥልኝም።

ከሱቁ አጠገብ የፈንታሁን በረንዳ አለች። ፈንታሁን ልብስ ሰፊ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። እሑድ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናውን በጨርቅ ይሸፍንና ሬዲዮኑን እላዩ ላይ ያስቀምጣል። እኔና የክሊኒኩ ድሬሰር አያሌው፣ ሌሎችም ኳስ ወዳዶች ዙሪያውን እንቀመጣለን። የጽዋ ማኅበር ሥርዓት ነበረን። ፈንታሁን ሙሴያችን ነው፤ የማኅበሩ አለቃ ማለት ነው። ተረኛው ጠላና ንፍሮ ያቀርባል፣ ቀጣዩ ተረኛ ደግሞ ድንጋዮቹን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ትንሽ ነፍስ ይዘራልና። አርፍዶ የመጣ ይቀጣል። ጋዜጠኛው ሲናገር የተናገረ እጥፍ ይቀጣል፤ በዚህ አያሌውን የሚያህል ባለዕዳ አልነበረንም።

የምንደግፈው ክለብ ከታች አድጎ ዋናውን ሊግ ገና የተቀላቀለ፣ ያለውን ሁሉ የተዋሰ የሚመስል ክለብ ነበር። ጨዋታው ከትልልቆቹ መሐል ተቆርሶ ነው የሚተላለፍልን፤ ጋዜጠኛው ከአንዱ ስታዲየም ወደ ሌላው ሲዞር ለደቂቃዎች ጎራ ይልበታል። የደገፍነው ለበረኛው ስንል ነው። በረኛው የወገዳ ልጅ ነው፣ ይትባረክ።

ይትባረክን እናቱ ድጓ እንዲማር ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ነበር የሰደደችው። አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት፣ እሷ ብቻዋን አሳድጋ፣ መሪጌታ ሆኖ ላየው ብላ ስንቅ ቋጥራ ሸኘችው። እሱ ግን ከቆሎ ተማሪዎች ጋር የጨርቅ ኳስ ሲያንከባልል ቆየ፣ በኋላ ደግሞ እህል ጭኖ በሚመለስ መኪና ተንጠልጥሎ ጠፋ። ኳስ ተጫዋች ሊሆን ነው አሏት። «እንግዲያ ኳሱን ይዞ ይጥፋ። እናት አለኝ እንዳይል» አለች። ይህንንም በገበያ መሐል ነው የተናገረችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ በኋላ እሱም አልጻፈ፣ እሷም አልጠየቀች።

አንድ እሑድ ጨው ገዝታ ስታልፍ ሬዲዮኑ «ይትባረክ!» አለ። ቀጥ ብላ ቆመች።

«ማነው ልጀን የጠራው?»

ማናችንም አፋችንን አልከፈትንም፤ ቅጣቱ አለ። ጋዜጠኛው ግን ደገመላት፤ ይትባረክ ኳሷን አወጣት፣ ይትባረክ በድጋሚ። በሚቀጥለው እሑድ በርጩማዋን ይዛ መጣች። ጀርባዋን ሰጥታን፣ ፊቷን ወደ ገበያው አዙራ ተቀመጠች። «ኳስ ልሰማ እንዳይመስላችሁ፤ እግሬን ላሳርፍ ነው» አለችን። እግሯን ስታሳርፍ ከረመች። ስሙ ሲጠራ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ትንሽ ንቅንቅ ትላለች፤ ሌላ ምልክት የላትም።

የእኛና የእሷ ጸሎት የማይስማማው በዚህ ነበር። የበረኛ ስም የሚጠራው ኳስ ወደ እሱ ሲመጣ ነው። ክለባችን ሲያጠቃ እኛ ከመቀመጫችን እንነሣለን፣ እትዬ አንጓች ትተክዛለች። ክለባችን ሲጨነቅ እኛ ጭንቅላታችንን እንይዛለን፣ የእሷ ነጠላ ንቅንቅ ትላለች። «ኧረ ምነው እነዚህ ሰዎች ኳሱን ወደ ልጀ ባመጡት!» አለች አንድ ቀን፤ ፈንታሁን ቅጣቱን ረስቶ «ኧረ እርስዎ ሴትዮ፣ በቁም ገደሉን!» ብሎ ጮኸ። ክለቡ በጣም ደካማ ስለ ነበር ያን ዓመት የእሷ ጸሎት የሠመረበት ዓመት ነበር።

ኋላ ግን ስሙ ጠፋ። አንድ እሑድ በረኛው ሌላ ሰው ሆነ። በሚቀጥለውም እንደዚያው፣ ከዚያም ወዲያ። ጋዜጠኛው ለምን እንደ ሆነ አልተናገረም፤ ለእሱ ምኑ ነው? እትዬ አንጓች በመጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥሎ ፊቷን ወደ እኛ አዞረች። በመጨረሻ «የደበቃችሁኝ ነገር አለ?» አለች። «ኧረ የለም፣ ደኅና ነው» አልናት። ይህን ማለታችን ባሰባት። በእኛ አገር የሩቅ ሰው ሞት ሲሰማ ዘመድ ተሰብስቦ ማለዳ ሄዶ እስኪያረዳ ድረስ ለእናት የሚነገራት ይኸው ቃል ነው፤ ደኅና ነው። እሷም ስንቱን እናት እንዲህ ብላ ሸኝታለች። እኛ በተናገርን ቁጥር ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። ስሙን ብታሰማኝ ለቤተ ልሔም የቅዳሴ ጥላ አስገባለሁ ብላ ተሳለች።

እኔና አያሌው ስልክ ቤት ሄደን ተሰለፍን። ለክለቡ መስመር እስኪገኝ ቀኑ መሸ። አንድ የደከመው ድምፅ «ይትባረክ? ጣቱ ተሰብሮ ነው። ለመጨረሻው ጨዋታ ይደርሳል» አለን። ተቃቅፈን ወጣን። ከዚያ ነው ስሕተቱ የተሠራው። ደስታውን አንድ ላይ ሆነን እንንገራት አልን፤ እኔ ጠዋት ክፍል አለኝ፣ አያሌው ክሊኒክ ይከፍታል፣ እሷ ደግሞ ጎሕ ሲቀድ ወደ ማሳዋ ትወጣለች። እንግዲያው ሳትወጣ እንድረስባት ተባለ። ብርድ ነው፤ ሁላችንም ጋቢ ተከናንበን፣ ተርታ ይዘን፣ ሳይነጋ ወደ ግቢዋ ገሠገሥን። ካለነው የተማርን ሰዎች አንዱ እንኳ ምን እንደምንመስል አላሰበም።

በሩ ላይ ቆማ አየችን። ያዘለችው እንሥራ ከጀርባዋ ወደቀ። «ወይኔ ልጀ! ወይኔ ይትባረክ!» አለች፤ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ተነሣ። አያሌው «አለ! አለ! ጣቱ ነው!» እያለ ይጮኻል፤ ማን ሰምቶት። ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አሸርጠው እየተጣደፉ መጡ፤ ተሰልፈን ሲያዩን የሚጠይቁት ነገር አልነበራቸውም፣ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። እኔ ራሴ በዚያ ጩኸት መሐል ስቆም ማልቀስ ጀመርሁ፤ ልጁ ደኅና መሆኑን በጆሮዬ የሰማሁት ሰውዬ! ፈንታሁን ካብ ላይ ወጥቶ ልብሱን እያውለበለበ እስኪጮህ ድረስ ለቅሶው ደምቆ ነበር። ድንኳን ሊያመጡ የሄዱትን ከመንገድ መለስናቸው። ፀሐይ ስትሞቅ እትዬ አንጓች ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ዓይኗ አብጦ «አለ ካላችሁ ስሙን አሰሙኝ» አለች። ስልክ ደወልን ብንላት፣ በቤተ ክርስቲያን ብንምልላት አላመነችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፏን አጣች፤ እህል አልቀምስ አለች።

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ «ትንሽ ታገሡ፣ እየተጣራ ነው» ብሎ አለፈ። መምህር እንደ ነበርሁ ብቻ ነግሬው፣ ይትባረክ ቆሎውን እየዘገነ ስለ ራሱ ያወራኛል። ለለቅሶ ነው ወደ እስቴ የመጣው። ከኳስ ከወጣ ቆይቷል፣ ከባድ መኪና ነድቷል፣ ልጆች አሉት።

«ሰዎች በረኛ እንደ ነበርሁ ሲሰሙ ያዳንሁትን እንዳወራላቸው ይፈልጋሉ» አለ። «እኔ የማስታውሰው አንዲቷን ነው፣ የገባችውን። የመጨረሻው ቀን ነበር፤ አቻ ብንወጣ እንተርፍ ነበር። ጣቴ ገና አልጠናም፣ ድኗል ብዬ ዋሸኋቸው። ኳሷ ነካችኝ መምህር። ደኅና ጣት ቢሆን ታወጣት ነበር። ክለቡን ያወረድሁት እኔ ነኝ።»

«እናትህስ ምን አለችህ?»

«ዓመት ቆይቼ በክረምት አገር ቤት ገባሁ። እግሬን አጠበችኝ፣ አበላችኝ፣ ስማኛለች፣ አልቅሳለች። ስለ ኳስ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ዝም። እኔም ዝም። እስክትሞት ድረስ በመጣሁ ቁጥር እንደዚያው ነበርን። ኋላ ሰዎች ቤተ ልሔም ጥላ አስገብታለች አሉኝ። ገባኝ። ከትምህርቱ ለጠፋሁበት ካሳ ነው። አፍራብኝ ነው የሞተችው።»

ያን ክረምት እኔ ለመምህራን ትምህርት ከተማ ሄጄ ነበር፤ አልተገናኘንም። በዓመቱ ወደ እስቴ ተዛወርሁ። ብንገናኝም ኖሮ አልነግረውም ነበር፤ እናቱ ግዝት አስራብናለች። ፈንታሁን ግዝቱን ይዞ ሞተ፣ አያሌውም ይዞ ሞተ። የቀረሁት እኔ ነኝ። የሞተ ሰው ቃል ይከበራል፤ ስከብረው ኖሬያለሁ። ይህን ሰው ግን እንዲህ ተቀምጦ እያየሁት፣ ረዳቱ አሁን «ግቡ» ቢል እንደማላገኘው እያወቅሁ፣ ቃሉን ለማን እንደምጠብቀው ጠፋኝ።

«እናትህ ያን ቀን ሰምታሃለች» አልሁት።

«የቱን ቀን?»

ነገርሁት። በረንዳውን፣ በርጩማውን፣ የማለዳውን ለቅሶ ሁሉ። ከዚያም የመጨረሻውን እሑድ። ያን ቀን ድንጋዮቹን ከንጋት ጀምረን አሰጣን፤ ሬዲዮኑን እስከ ሰዓቱ ማንም እንዲነካው አልተፈቀደም። በረንዳው ጢም አለ፤ ኳስ የማያውቀውም የእትዬ አንጓች ነገር እንዴት ይሆናል ብሎ መጥቷል። እሷ ዛሬ ጀርባዋን አልሰጠችንም፤ መቁጠሪያዋን ይዛ ሬዲዮኑ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ክለባችን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያላሳየንን ጨዋታ ያን ቀን አመጣው። ጋዜጠኛው በመጣ ቁጥር ኳሱ ወዲያኛው ሜዳ ነው። እኛ ደስታ ሊገድለን፣ እሷ ግን እየገረጣች። ስሙ የለም። ከዕረፍት በኋላም የለም። ድንጋዩ እየደከመ ድምፁ መጎተት ጀመረ፤ አያሌው ጆሮውን ሬዲዮኑ ላይ ለጠፈ። ሊያልቅ ሲል ጋዜጠኛው ከሌላ ስታዲየም ወደ እኛ ተወርውሮ ተመለሰ። «ይትባረክ ዘለለ፣ ይትባረክ በጣቱ ነካት፣ ይትባረክ…» አለ። ጎል።

እኛ ሁላችን ተቀመጥን። ፈንታሁን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እትዬ አንጓች ከበርጩማዋ ተነሣች።

«እልል አለች» አልሁት። «በዚያ ዘመን ከዚያ የበለጠ እልልታ አልሰማሁም። ገበያ ያሉት ሴቶች ለምን እንደ ሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት። ወገዳ በሙሉ እልል አለች። ‹ጣቱን አላችሁኝ፣ ጣቱ ይኸው ነካች! ልጀ አለ!› እያለች እያንዳንዳችንን ሳመችን።»

የቆሎውን ፌስታል መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ማንም ጎል መሆኑን ሊነግራት አልደፈረም። ጥላውንም በዚያው ሰሞን ነው በእግሯ ወስዳ ያስገባችው፤ ፈንታሁን ነው ዘርፉን የሰፋላት። ካሳ አይደለም። ስለቷ ነው፣ ስምህን ስለ ሰማች። አዲሱ ዓመት ገብቶ ሊጉ ሲጀመር እንደ ልማዷ በርጩማዋን ይዛ መጣች። ያንተ ክለብ ወርዷል፣ የወረደ ክለብ በሬዲዮ አይመጣም። ‹ሬዲዮ የማይደርስበት አገር አለ እንዴ?› አለች። ፈንታሁን እንዴት እንደ ወረደ አስረዳት። ከዚያ ገባት። ‹እኔ እልል ያልሁባት ናት?› አለች። ‹በልጀ ውርደት እልል ብያለሁ?› በቤተ ልሔም ገዘተችን፣ ለእሱ እንዳይነገር ብላ። ሌላ አላሳፈራትም፤ አንተ አይደለህም ያሳፈርሃት። እልልታዋ ነው።»

ይትባረክ የተጣመሙ ጣቶቹን ዓይኑ ላይ ጫነ። ትከሻው እንደ እናቱ ነጠላ ንቅንቅ አለ፤ ሌላ ምልክት አልነበረውም። ሰው እያየን እንደ ሆነ አውቄ ነጠላዬን ዘርግቼ ከለልሁት።

«በዚያች ጎል?» አለኝ።

«በዚያች ጎል።»

«እኔ ያችን ጎል ስረግም…» አለና አልጨረሰውም። ቀና ብሎ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ደብረ ታቦር አላድርም። ጋይንት እሻገራለሁ፤ ጥላውን ልየው።»

ረዳቱ መንገዱ ተከፍቷል ብሎ ጮኸ፣ ሰው ሁሉ ተነሣ። ትርፍ ሰው አይጫንም ተብሎ ነበርና ከእኛ መሐል አንድ ሰው የሚቀር ሆነ። እኔ ቀረሁ። ዓይኔ ሌላ ቀን ይታያል፤ ደግሞም የማየው አይቻለሁ። እሱ እንቢ ሲል ገፍቼ አስገባሁት። ደረጃው ላይ ቆሞ «ይቅርታ መምህር፣ ስምዎን እንኳ አልጠየቅሁም» አለኝ።

«አድማሱ» አልሁት።

መኪናው ዞሮ ሲወጣ በመስኮት ያንን እጁን አወጣ። አቧራው መሐል «ጋሽ አድማሱ!» ብሎ ተጣራ። «ጋሽ አድማሱ! ደኅና ይሁኑ!» ጎማ የሚነፋው ልጅና ሙዝ የሚሸጡት ሴቶች ዞረው አዩኝ። መኪናው ታጥፎ ከጠፋ በኋላም ስሜን ዳግመኛ ቢጠራው ብዬ እዚያው ቆሜ ቆየሁ።